ልጄ ሌሊቱን በጌም ያነጋል፤ ስልኩን እስከ መጨረሻው ልቀማው?

«የ16 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። እስከ 8ኛ ክፍል ከአንደኝነት ወርዶ አያውቅም። 9ኛ ክፍል ሲደርስ የተሻለ ነው የተባለ ትምህርት ቤት አስገባነው፤ በመጀመሪያው ሴሚስተር 14ኛ ወጣ። ደነገጥን። አስጠኚ ቀጠርንለት፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከ11 እስከ 1 ሰዓት፣ ቅዳሜ ደግሞ 6 ሰዓት ሙሉ ይማራል። ኳስ ይወድ ነበር፤ ለጥናቱ ብለን አስቆምነው። ከእራት በኋላ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል የቤት ሥራውን ይሠራል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ዘንድሮ 10ኛ ክፍል 23ኛ ወጣ። ከአራት ወር ወዲህ ሌሊት ተነስቼ ሳየው ብርድ ልብስ ተከናንቦ እስከ 9 ሰዓት በስልኩ ጌም ይጫወታል። ጠዋት 12 ሰዓት ስቀሰቅሰው አልነሳም ይላል። ባለፈው ወር አባቱ ተናዶ ስልኩን ሰበረው። ልጁ ሳምንት ሙሉ አላናገረንም፤ ከዚያም የእህቱን ስልክ እየደበቀ መጫወት ጀመረ። ሱሰኛ ሆኖብኝ ይሆን? ስልክ የሚባል ነገር እስከ መጨረሻው ልከልክለው? እባክዎ ይምከሩኝ።»

ውድ እህቴ፣

መጀመሪያ የጠየቁኝን ልመልስ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ ከጌም ጋር የተያያዘ የጤና እክል ራሱን ችሎ ሰፍሯል። መስፈርቱ ግን ልጁ በቀን ስንት ሰዓት ተጫወተ ብሎ አይጀምርም። ጨዋታውን መጀመርና ማቆም ከቁጥጥሩ ውጭ ሆኗል ወይ፣ ጨዋታው ከሌላው የሕይወቱ ጉዳይ ሁሉ ቀድሟል ወይ፣ ጉዳቱ እየታየ እንኳ ይቀጥላል ወይም ይብሳል ወይ ይላል። ይህም ትምህርትን፣ ቤተሰብንና የዕለት ኑሮን ክፉኛ የሚጎዳና አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ለ12 ወራት የቆየ መሆን አለበት። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2013 ተመሳሳይ ነገር ሲጽፍ ገና ተጨማሪ ጥናት ከሚያስፈልጋቸው ችግሮች ጋር ነበር የመደበው። የልጅዎ ነገር አራት ወሩ ነው። ከደብዳቤ ተነስቶ ሱሰኛ ነው ማለት አይቻልም፤ እርስዎም በዚህ ስም አይጥሩት። የ16 ዓመት ልጅ በቤቱ «ሱሰኛ» እየተባለ ከተጠራ ስሙን መቀበል ይጀምራል። ችግር ግን አለ፤ 12 ወር እስኪሞላው መጠበቅም አያስፈልግም።

አሁን ደብዳቤው ውስጥ ወዳየሁት ነገር ልመለስ። የነገሮቹን ቅደም ተከተል እንደገና ያንብቡት። መጀመሪያ ትምህርት ቤት ቀየረ። ከዚያ ውጤቱ ወረደ። ከዚያ አስጠኚ መጣ፣ ኳስ ቆመ። ጌሙ የመጣው ከሁሉም በኋላ ነው። እርስዎና አባቱ ውጤቱን ያበላሸው ጌሙ ነው ብላችሁ ታምናላችሁ፤ የጻፉልኝ ታሪክ ግን የተገላቢጦሹን ይናገራል። ልጁ መጀመሪያ የተሸነፈው በትምህርቱ ነው፤ ወደ ጌሙ የሄደው ከተሸነፈ በኋላ ነው። አሁን በርግጥ አንዱ ሌላውን ያባብሳል፤ እንቅልፍ ያጣ ልጅ አይማርም፣ ያልተማረ ልጅ ይወድቃል፣ የወደቀ ልጅ ማታ ይሸሻል። ግን ከየት እንደጀመረ ካላወቅን ጌሙን ብቻ እንቀማና ወደ ጌሙ የገፋውን ነገር እዚያው እንተወዋለን።

ሌላም ነገር አስተዋልኩ፤ ይህን የምለው ለመውቀስ እንዳልሆነ ይረዱልኝ። የልጁን ደረጃ በቁጥር ነገሩኝ፤ 1ኛ፣ 14ኛ፣ 23ኛ። የሚጫወተውን ጌም ስም ግን አልጻፉልኝም፤ ከማን ጋር እንደሚጫወትም፣ በአዲሱ ትምህርት ቤት ጓደኛ ይኑረው አይኑረውም አልነገሩኝም። ምናልባት አያውቁት ይሆናል። እንግዲያው ሥራው ከዚያ ይጀምራል።

ስለ 14ኛ መውጣቱ አንድ ነገር ልበል። የትምህርት ሥነ ልቦና ተመራማሪው ኸርበርት ማርሽ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ደጋግመው ያሳዩት ነገር አለ፤ እኩል ችሎታ ካላቸው ሁለት ተማሪዎች መካከል ጎበዞች በተሰበሰቡበት ክፍል የገባው ስለ ራሱ ችሎታ ያለው ግምት ዝቅ ይላል። እውቀቱ ቀንሶ አይደለም፤ የሚወዳደራቸው ሰዎች ስለተቀየሩ ነው። በልጅዎ አዲስ ክፍል ያሉት ብዙዎቹ ከየመጡበት አንደኛ ሲወጡ የነበሩ ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ። እናንተ ደነገጣችሁ፤ እሱ ግን ከመደንገጥም አልፎ ማንነቱ ተናግቷል። ስምንት ዓመት «አንደኛ» ሲባል የኖረ ልጅ 14ኛ ሲሆን ማን እንደሆነ ይጠፋዋል።

እ.ኤ.አ. በ1978 ስቲቨን በርግላስና ኤድዋርድ ጆንስ የተባሉ ተመራማሪዎች ተማሪዎችን ሰብስበው ለከፊሎቹ ሊፈታ የሚችል፣ ለከፊሎቹ ደግሞ ሊፈታ የማይችል ጥያቄ ሰጧቸው፤ ከዚያም «በጣም ጥሩ ሠርታችኋል» አሏቸው። ሁለተኛ ፈተና ከመምጣቱ በፊት ሁለት ዓይነት መድኃኒት ቀረበላቸው፤ አንዱ አእምሮን ያነቃል፣ ሌላው ያደክማል ተብሎ። ውጤቱን እንዴት እንዳገኙት ያልገባቸው፣ በተለይ ወንዶቹ፣ የሚያደክመውን ወደ መምረጥ አዘነበሉ። ምክንያቱም ቢወድቁ «መድኃኒቱ ነው» ማለት ይችላሉ፤ ጎበዝ የሚለው ስማቸውም ሳይነካ ይቀራል። እህቴ፣ ሌሊቱን ሙሉ ተጫውቶ በነጋታው ፈተና ላይ የሚቀመጥ ልጅ ሳያውቀው ይህንኑ እያደረገ ሊሆን ይችላል። «ስላላጠናሁ ነው የወደቅኩት» ማለት «አጥንቼም ወደቅኩ» ከማለት በጣም ይቀላል። እንዲህ ያለውን ልጅ ሰነፍ ማለት ስህተት ነው። ፈርቷል።

ጌሙ ደግሞ ለፈራ ልጅ የሚመች ነገር ሁሉ አለው። ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን የተባሉ የሥነ ልቦና ሊቃውንት ሰው ሁሉ ሦስት ነገር ይፈልጋል ይላሉ፤ በራሱ ፈቃድ መሥራት፣ ሥራውን መቻሉ እንዲሰማው፣ ከሌሎች ጋር መያያዝ። የልጅዎን ሳምንት በእነዚህ ሦስት ይመዝኑት። ምን እንደሚሠራ የሚወስኑለት ትምህርት ቤቱ፣ አስጠኚውና እናንተ ናችሁ። መቻሉን የሚያይበት ቦታ የለም፤ ካርዱ የሚነግረው ስንት ልጆች እንደበለጡት ነው። ጓደኞች የነበሩት ኳስ ሜዳ ነበር፤ ቆመ። ጌሙ ውስጥ ግን የሚሄድበትን ይመርጣል፤ ቢሸነፍ ከደቂቃ በኋላ እንደገና ይጀምራል፤ ትናንት ያልቻለውን ዛሬ ሲችለው በዓይኑ ያየዋል፤ ስሙን ጠርተው «ና» የሚሉት ልጆችም አሉት። ይህ ሁሉ በቀን ሕይወቱ ከቀረበት በኋላ ሌሊት 9 ሰዓት ለምን እንደማይተኛ ሊገባን ይገባል።

የልጁን ሰዓት እንቁጠረው። ከትምህርት ቤት ውጭ በሳምንት 16 ሰዓት ከአስጠኚ ጋር ነው፤ የቤት ሥራው ሳይጨመር። ምሽት 4 ሰዓት ተኩል ጨርሶ ጠዋት 12 ሰዓት ከተነሳ፣ ጌም የሚባል ነገር ባይኖር እንኳ የሚተኛው 7 ሰዓት ተኩል ነው። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ ከ13 እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች የሚመክረው ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው። በዚያ ላይ በጉርምስና ጊዜ የሰውነት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚዘገይ እንቅልፍ የሚመጣው እንደ ሕፃንነቱ በጊዜ አይደለም። በጻፉልኝ ፕሮግራም ውስጥ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ይህ ልጅ «የኔ» የሚለው ጊዜ የለውም። ለራሱ ያገኘው ጊዜ ከእንቅልፉ የሰረቀው ብቻ ነው። 9 ሰዓት ሌሊት ድረስ ሲጫወት ሦስት ሰዓት ብቻ ተኝቶ ይነሳል፤ ይህ ጉዳት ነው፣ መቆምም አለበት። ግን የሰረቀውን ሌሊት ስናስመልሰው በቀን የሚተካለት ነገር ካልሰጠነው ሌላ መንገድ ይፈልጋል። የእህቱን ስልክ እንዳገኘ ማለት ነው።

መንግሥታት እንኳ ይህን ሞክረውታል። ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ2011 ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የኦንላይን ጌም እንዳይጫወቱ በሕግ ከለከለች። ሕጉ የተሠራው ለኮምፒውተር ጌም ነበር፤ ልጆቹ ወደ ስልክ ተሻገሩ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ሕጉ ተሻረ። ቻይና ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 ከ18 ዓመት በታች ላሉት ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በዓል ቀን ከምሽቱ 2 እስከ 3 ሰዓት ብቻ ፈቀደች፤ በአዋቂ ስም በተከፈተ አካውንት የሚጫወቱ ልጆች ግን አሁንም አሉ። ክልከላ ምንም አይሠራም ማለቴ አይደለም። ብቻውን የቆመ ክልከላ የሚሠራው ልጁ መውጫ ቀዳዳ እስኪያገኝ ድረስ ነው። ስለዚህ ለጥያቄዎ መልሴ፦ እስከ መጨረሻው አይቀሙት፤ ሌሊቱን ግን ከጌም ነፃ ያድርጉት።

እንዴት? ከአባቱ እንጀምር። የተሰበረው ስልክ ካልተነሳ ሌላው ንግግር ሁሉ አይሰማም። አባትየው «ስልክህን መስበሬ ትክክል አልነበረም። ሌሊት መጫወትህ ግን አሁንም ያሳስበኛል» ቢለው ይበቃል። ይህን ማለት የአባትነት ክብሩን ይቀንስብኛል ብሎ እንደሚያስብ እገምታለሁ። አይቀንስም። ልጁ ተናዶ ዕቃ መስበር እንደሚያስነውር የሚማረው ከዚህ ነው።

ቀጥሎ እርስዎ ጌሙን ይዩት። አጠገቡ ይቀመጡና «አሳየኝ» ይበሉት። ለመተቸት ሳይሆን ለመረዳት ይጠይቁት፤ አንድ ግጥሚያ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? መሀል ላይ ብትወጣ ምን ይሆናል? ከእነማን ጋር ነው የምትጫወተው? ብዙዎቹ የኦንላይን ጌሞች መሀል ላይ ቆም ማድረግ አይቻልባቸውም፤ ተጫዋቹ ከወጣ ቡድኑ ይጎዳል፣ እሱም በቅጣት ደረጃው ይወርዳል ወይም ለተወሰነ ጊዜ ይታገዳል። «አሁኑኑ ዝጋ!» ሲባል ለምን ያን ያህል እንደሚቆጣ ይህ በከፊል ያስረዳል። ጌሞቹ ልጁን ይዘው ለማቆየት ታስበው እንደሚሠሩም ይወቁ፤ በየቀኑ ካልገባ የሚያመልጠው ሽልማት አለ፣ ውስጡ ያለው ሳይታወቅ በገንዘብ የሚከፈት ሣጥን አለ። ቤልጂየም እ.ኤ.አ. በ2018 እነዚህን በገንዘብ የሚገዙ የዕድል ሣጥኖች ከሕገ ወጥ ቁማር ቆጥራቸዋለች። ስለዚህ ገንዘብ እየከፈለበት እንደሆነ በዘዴ ይጠይቁት። የማያውቀው አዋቂ ሰው ፎቶ ጠይቆት ወይም በግል እናውራ ብሎት እንደሆነም እንዲሁ። ይህን ሁሉ በአንድ ምሽት አይጨርሱት፤ ምርመራ ይመስለዋል።

ከዚያ በኋላ፣ እርግጠኛ ነኝ ይህኛው ምክሬ ከሁሉ ይከብድዎታል፦ የማስጠኚያውን ሰዓት በግማሽ ይቀንሱ። 16 ሰዓት ተምሮ ከ14ኛ ወደ 23ኛ ከወረደ፣ ሰዓት መጨመሩ መፍትሔ እንዳልሆነ ራሱ ውጤቱ መስክሯል። የክፍል ኃላፊ መምህሩን አግኝተው ልጁ የቱ ትምህርት ላይ፣ ከየትኛው ምዕራፍ ጀምሮ እንደጠፋበት ይጠይቁ። በተለይ ሒሳብ የ9ኛ ክፍሉ ካመለጠ የ10ኛው አይያዝም። አስጠኚው የዕለቱን ትምህርት መድገሙን ትቶ ወደዚያ የተቋረጠበት ቦታ ይመለስ። የቀረው ጥናትም መልክ ይቀይር፤ ሮዲገርና ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ካነበቡት ይልቅ ዘግተው ያስታወሱትን ለመጻፍ የሞከሩት ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ የበለጠ አስታውሰዋል። ግማሽ ሰዓት ራስን መፈተን ሁለት ሰዓት ገጽ ላይ ከማፍጠጥ ሊሻል ይችላል። ከተረፈው ሰዓት ውስጥ ኳሱን ይመልሱለት። ውጤት ሲያመጣ የሚሰጠው ሽልማት አያድርጉት፤ እንዲሁ ይመልሱለት። ጌሙንም የውጤት መያዣ አያድርጉት። «80 ካመጣህ ትጫወታለህ» ሲባል ትምህርቱ ቅጣት፣ ጌሙ ክብር ይሆናል።

አሁን ስለ ሌሊቱ ስምምነት አድርጉ፤ እሱም በተገኘበት፣ የራሱን ሐሳብ አስገብቶ። የቤቱ ስልክ ሁሉ፣ የእርስዎና የአባቱም ጭምር፣ ምሽት ከተወሰነ ሰዓት በኋላ ሳሎን ይደር። ልጁን ብቻ ከነጠላችሁት ሕጉ ቅጣት ይመስለዋል። እህቱን ግን ጠባቂ አታድርጓት፤ በወንድምና በእህት መካከል የምትገባው ቂም ከጌሙ ይልቅ ትቆያለች። የጨዋታ ጊዜው ቀን ላይ ወይም አመሻሽ ላይ ይሁን፣ ከመኝታ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀድሞ ያብቃ። በደቂቃ ሳይሆን በግጥሚያ ቁጠሩት፤ «ሁለት ግጥሚያ» ሲባል የሚያልቅበትን ያውቀዋል፣ እርስዎም መሀል ገብተው አይጣሉም። የቤት ሥራውም ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል በላይ አይሂድ፤ ያልጨረሰው ይደር፣ መምህሩም ይወቅ።

ስምምነቱን ያፈርሰዋል። አንድ ቀን፣ ምናልባትም በመጀመሪያው ሳምንት፣ እንደገና ሌሊት ሲጫወት ያገኙታል። ያን ጊዜ አይጩኹ። ስልኩን ተቀብለው ሳሎን ያስቀምጡና ይተኙ። ቅጣቱ አስቀድሞ የተነጋገራችሁበትና ትንሽ ይሁን፤ የነገው ጨዋታ ይቀርበታል፣ ከነገ ወዲያ ይመለስለታል። የወር ቅጣት የተጣለበት ልጅ ለአንድ ወር የሚያጣው ነገር ስለሌለው ስምምነቱን መጠበቁ አይጠቅመውም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መነጫነጭ፣ መሰላቸት፣ ክፍሉን ዘግቶ መቀመጥ ይኖራል፤ ሥራዬ አልሆነም ብለው ቶሎ ተስፋ አይቁረጡ።

ባለሙያ ጋ መሄድ ያለብዎ መቼ ነው? ይህን ሁሉ በትዕግሥት አድርገው ከሁለት ወር በኋላ ምንም ካልተለወጠ፣ ከትምህርት ቤት መቅረት ከጀመረ፣ መታጠብና መብላት ከተወ፣ ኳሱ ተመልሶለት እንኳ ደስታ ካልሰጠው፣ ጨዋታ ሲቋረጥበት ሰው ለመምታት ወይም ዕቃ ለመስበር ከተነሳ። ብዙ ጊዜ ከጌሙ ጀርባ ድብርት፣ ጭንቀት ወይም ትኩረት የማጣት ችግር አብሮ ይገኛል፤ እሱ ሳይታከም ጌሙ ብቻውን አይተውም። አስተሳሰብና ልማድን አብሮ የሚያክም የንግግር ሕክምና በዚህ ጉዳይ ከሌሎቹ ይልቅ የተጠና ነው። ወደ ሐኪም ሲወስዱት «ጌምህን እንዲያስተውህ» አይበሉት፤ «እንቅልፍ ስላጣህ፣ ፊትህም ስለጠቆረ» ይበሉት፤ እውነቱም እሱ ነው።

አንዱን ግን ለሁለት ወር አያቆዩት። «ባልኖር ይሻላል»፣ «ለማንም አልጠቅምም» የሚል ቃል ከአፉ ከሰሙ ወይም ራሱን የጎዳበት ምልክት ካዩ፣ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይውሰዱት፤ ብቻውንም አይተዉት። ራሱን ስለ ማጥፋት አስቦ እንደሆነ በቀጥታ ቢጠይቁት ሐሳቡን በአእምሮው አያስገቡበትም፤ እንዲያውም ለመናገር በር ይከፍትለታል። በውጤት ምክንያት ቤተሰቤን አሳፈርኩ ብሎ የሚያምን ልጅ ከሚመስለን በላይ ሸክም ይዞ ሊሆን ይችላል፤ ይህን የምጽፍልዎ ላስፈራዎ ሳይሆን ምልክቱን ካዩ እንዳያመነቱ ነው።

የሚቀጥለው ካርድ መምጣቱ አይቀርም። ከላይ የጻፍኩልዎ ሁሉ የሚፈተነው ያን ቀን ነው፤ ምክንያቱም ደረጃው ወዲያው ላይሻሻል ይችላል፤ የዓመት ተኩል ጉድለት በአንድ ሴሚስተር አይሞላም። ከአባቱ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩበት። ካርዱን ሲቀበሉ ደረጃው የተጻፈበትን ትተው የትምህርቶቹን ውጤት ከልጁ ጋር አብረው ይዩ፤ ከፍ ያለች አንዲት ነጥብ እንኳ ካለች እንዴት እንዳመጣት ይጠይቁት፤ ዝቅ ያለውን «የቱ ጋ ነው የከበደህ?» ይበሉት። የጎረቤትን ወይም የዘመድ ልጅን ውጤት በዚያ ቀን አያንሱ። ከዚያ ኳሱ ያለበት ቀን ከሆነ ወደ ኳሱ ይሂድ። እንዴት እንደሆነላችሁ ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል፤ ያን ጊዜ ግን የጌሙን ስምና ከማን ጋር እንደሚጫወት ጨምረው ይጻፉልኝ።